መጀመሪያ ባዶውን ቤት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ የክራር ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

የዛሬው ጨዋታችን ልጆችን ወደ ቴአትር ቤት ስለ መውሰድ ነው። ልጆች ስንል አንድና ሁለት አይደሉም፤ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ ልጆች፣ የሰፈር የክረምት ክበብ። ቴአትር ቤት ስንልም ወንበር የተደረደረበትን አዳራሽ ሁሉ ማለታችን አይደለም። ዕድሜ የጠገበውን ቤት ነው፦ ፒያሳ ያለውን ሀገር ፍቅርን፣ ወይም የታክሲ ረዳት ባጭሩ «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» እያለ የሚጠራውን ብሔራዊ ቴአትርን።

(ሙዚቃው ይጠፋል፤ አጭር ፋታ)

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ሠላሳ ልጅ አሰልፋችሁ እዚያ ቤት በር ላይ ብትደርሱ መጀመሪያ ምን ታሳይዋቸዋላችሁ? የተለመደው መልስ ትርኢቱን ነው። ትኬት ይቆረጣል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ «ዝም በሉ» ይባላሉ፣ ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይወጣሉ። ሌላው የተለመደ መንገድ ደግሞ ጉብኝት የምንለው ነው፤ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ዓመተ ምሕረት ይደረድራል፣ ልጆቹ በደብተራቸው ይገለብጣሉ፣ ማታ ቤት ሲገቡ ያስታወሱት የጠጡትን ለስላሳ ብቻ ይሆናል። የዛሬው ሐሳቤ ከሁለቱም ይለያል። መጀመሪያ ቤቱን ባዶውን እናሳያቸው ነው የምለው። ተመልካች ሳይኖር፣ ተዋናይ ሳይወጣ፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ። ትርኢቱ የሌላ ቀን ነው።

ለምን ባዶውን? ቴአትርን ከቴሌቪዥንና ከስልክ የሚለየው አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እሱም የሚሠራውም የሚያየውም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድ አየር እየሳቡ መሆናቸው ነው። የዛሬ ልጅ ምስልን የሚያውቀው በመስታወት ውስጥ ነው። ቢጮህበት አይሰማውም፣ ቢስቅለት አይስቅለትም። እንዲህ የለመደን ልጅ በቀጥታ ከትርኢት ፊት ብናስቀምጠው መድረኩን እንደ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ከፊቱ ያለው ሰው በእርግጥ ሰው መሆኑን፣ ሊሳሳት፣ ሊያስለው፣ ቃሉ ሊጠፋው እንደሚችል የሚገባው እሱ ራሱ ያንን ቦታ ቆሞ ሲያየው ነው። እደግመዋለሁ፦ እሱ ራሱ ቆሞ ሲያየው።

(ድምፅ፦ በባዶ አዳራሽ የእንጨት ወለል ላይ የሚሰማ የአንድ ሰው እርምጃ፤ አምስት ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ ዝምታ)

ሰማችሁት? እስቲ በዐይነ ኅሊናችሁ አብራችሁኝ ግቡ። ከልጆቹ አንዷን መድረክ ላይ እናወጣታለን፤ ሌላ ልጅ ደግሞ በመጨረሻው ረድፍ፣ በር አጠገብ ይቀመጣል። «እማዬ፣ ውሃ ቀዳሁ» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር እንሰጣታለን። መጀመሪያ እንደ ንባብ ትበላት፤ ከኋላ ያለው ልጅ «አልተሰማኝም!» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ እንደ ደከማት ትበላት፤ ከዚያ እንደተናደደች፤ በመጨረሻም እንስራው መንገድ ላይ እንደተሰበረባትና እውነቱን ለመደበቅ እንደምትዋሽ። ቃሉ ያው ሦስት ቃል ነው፤ የተነገረው ግን አራት ታሪክ ሆነ። አሁን ደግሞ ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጥታ ትናገር። ድምፁ ወዴት ሄደ? ተዋንያን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እንኳ ለምን ትንሽ ወደ ተመልካቹ ዘወር እንደሚሉ ማንም ሳያብራራላቸው ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ባዶ አዳራሽ ድምፅን ይመልሳል። ሰው በሞላበት ቀን ግን ይህ ማስተጋባት ይቀንሳል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣልና። እንግዲህ ተመልካች ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ የትርኢቱን ድምፅ ይለውጠዋል ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራን የምትሰሙን ካላችሁ፣ ለድምፅ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ቤተ ሙከራ ከየት ታገኛላችሁ?

ይህን በሬዲዮ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘውን ልብ ወለድ ሲተርክ ከሬዲዮ ጋር ተጣብቃችሁ ሰምታችኋል። ፊቱ አይታያችሁም ነበር፤ የምታውቁት ድምፁን ነበር። ያ ድምፅ ግን የመድረክ ተዋናይ ድምፅ ነው፤ ማይክሮፎን ፊት ከመድረሱ በፊት የመጨረሻውን ረድፍ ማግኘት የተማረ ድምፅ። አንድ ልጅ ባዶው መድረክ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ውሃ ቀዳሁ» ሲል የዚያ ትምህርት ሀሁ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

«እሺ፣ ድምፁስ ይሁን፤ ታሪኩስ?» የሚለኝ ይኖራል። ታሪኩም ከባዶው ቤት ይጀምራል፤ እንዲያውም ቤት ከሌለበት። ሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት ነው። ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ጦርነቱ ሊነሳ ሦስት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ሲቀር ማለት ነው። ዓላማው ሕዝቡን ማንቃት ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ተሰብስቦ ንግግር ይሰማ፣ ፉከራና ሽለላ ይሰማ፣ ዘፈን ይሰማ ነበር። ልብ በሉ፤ ተመልካቹ ከአዳራሹ ቀደመ። ከወረራው በኋላ፣ ነፃነት ሲመለስ፣ ያ የአደባባይ ስብሰባ ቤት አገኘና ቴአትር ቤት ሆነ። ለልጅ ይህን ስትነግሩት ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጡትና «እዚህ ከመቀመጣቸው በፊት ሰዎቹ ሜዳ ላይ ቆመው ነበር፤ ምን ሊሰሙ የመጡ ይመስልሃል?» በሉት። ዓመቱን መጨረሻ ላይ ንገሩት፤ ያኔ የሚሰቀልበት ግድግዳ ያገኛል።

እዚህ ላይ ለመምህራንና ለአስጎብኚዎች አንዲት ማሳሰቢያ ጣል ላድርግ። ሀገር ፍቅርን «በአፍሪካ የመጀመሪያው ቴአትር ቤት» እያሉ ለልጆች መንገር የተለመደ ነው። ልጆቹ ነገ ማንበባቸው አይቀርም፤ የካይሮው ኦፔራ ቤት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1869 ተከፍቶ እንደነበር ያገኙታል። ያኔ የሚጠራጠሩት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን የነገርናቸውን ሁሉ ነው። ሀገር ፍቅር ይህ ማዕረግ አያስፈልገውም። ጠላት ደጃፍ ላይ ሳለ በራስ ቋንቋ፣ በራስ ዜማ የተጀመረ መሆኑ ይበቃዋል።

ብሔራዊ ቴአትርም እንዲሁ፣ ግድግዳውን ለሚጠይቅ ልጅ የሚመልሰው አያጣም። ሕንፃውን በወረራው ዘመን ሲኒማ ቤት ሊያደርጉት የጀመሩት ጣልያኖች ናቸው፤ የተጠናቀቀው ግን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ 25ኛ ዓመት በዓል ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተመረቀ። አብዮቱ ሲመጣ ስሙ ተለወጠና ብሔራዊ ሆነ። አንድ ልጅ «ማን ሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ስም መመለስ አይቻልም ማለት ነው፤ ወራሪ ጀመረው፣ ንጉሥ ጨረሰው፣ አብዮት ስሙን ቀየረው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን ሁልጊዜም የከተማው ሰው ነው። አንዳንድ ወላጅ «ልጅን ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባው?» ይላል። የስም ለውጥን መደበቅ ግን አይቻልም፤ አያትየው በአሮጌው ስም ሲጠሩት ልጁ ይሰማል። እውነቱን ባጭሩ መንገር አያጣላም። ደጁ ላይ ያለውን አንበሳም አትለፉት። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለዚያው የንግሥ በዓል የሠራው ነው። መካነ አራዊት እንደምናየው አንበሳ ለስላሳ አይደለም፤ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ በገዘፉ ቅርጾች የተዋቀረ አንበሳ ነው። ወረቀትና እርሳስ ለልጆቹ ስጡና ይሳሉት። የሥዕል ችሎታ የለኝም የሚል ልጅ ይህን አንበሳ ሲያገኝ ደፋር ይሆናል፤ ቀጥ ያለ መስመር መሳል ማን ያቅተዋል?

(ፋታ)

ከታሪኩ ውስጥ ለልጆች ቡድን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የሀገራችን ቴአትር ከጅምሩ ከልጆች ዓለም ብዙም ያልራቀ መሆኑ። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን ምን ነበር? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመድያ» ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መነሻው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረት ነው። አያት ለልጅ ልጅ ከምትነግረው የጦጣና የአንበሳ ተረት ጋር ዝምድናው ቅርብ ነው። ግን ተረቱ የያኔውን አስተዳደር ይነካ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አስቡት እስቲ፤ እንስሳት ሲያወሩ ያስደነገጡት ትልልቆቹን ነው! ከተክለ ሐዋርያት በኋላ የተነሡት ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤም የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ተውኔት ያዘጋጁ የነበረውም ከተማሪዎች ጋር ነው። ስለዚህ ልጆችን ወደ ቴአትር ቤት ስንወስድ እንግዳ አድርገን አይደለም የምንወስዳቸው።

(ሙዚቃ፤ ዋሽንት፤ አጭር)

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። ከባዱን ላስቀድም። «የመድረኩን ጓዳ ካሳየሃቸው ምትሃቱ ይጠፋባቸዋል» ይባላል። ከሩቅ ወርቅ የሚመስለው የንጉሥ ካባ ከቅርብ ሲታይ ርካሽ ጨርቅ ላይ የተሰፋ አብረቅራቂ ክር ነው፤ ግንቡ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ነጎድጓዱ የሚወዛወዝ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ልጅ ከእንግዲህ በትርኢቱ ምኑ ይደነቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከልጆቹ ጨዋታ እንውሰድ። ከእናቷ ቁራጭ ጨርቅ ለምና፣ በእንጨት ላይ ጠቅልላ፣ ዐይኗን በከሰል ስላ አሻንጉሊት የምትሠራ ልጅ አይታችኋል። ጨርቅ መሆኗን ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ ናት። ታዲያ ለምን ታጎርሳታለች? ለምን አዝላ እሹሩሩ ትላታለች? ልጅ ማወቅንና ማመንን አብሮ መያዝ ይችላል፤ የሚያቅተን እኛ ነን። አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን ተስፋዬ ሣህሉ ቀድሞ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው እንደ ሴት ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹ ወንድ መሆናቸውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የተቀበላቸው፤ እያወቀ ነው። በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ይህን ለልጆች ገጽ ቅብ ክፍል ውስጥ፣ መስታወቱ ፊት አቁማችሁ ንገሯቸው። ወንዶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ «ሴቶች ለምን አልወጡም ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ያ ጥያቄ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ልጆች ይረብሻሉ፣ ትርኢት ያበላሻሉ» የሚል ነው። ይረብሻሉ፤ እውነት ነው። ግን የሚረብሹት ለምንድን ነው? ቤቱ አዲስ ስለሆነባቸው ነው። ጣሪያውን ያያሉ፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጨለማ ሲሆን ይጯጯሃሉ። ይህን ሁሉ በባዶው ቀን ከጨረሱት፣ ትርኢት ሲመጡ የሚቀራቸው ትርኢቱ ብቻ ነው። ለጸጥታም ቢሆን የሚያዋጣው እንግዲህ ባዶውን ማስቀደም ነው።

ሦስተኛው «ለእነሱ የሚሆን የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አለ አይደል? የትልልቆቹ ቤት ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል ነው። አለ፣ ይሂዱም። ነገር ግን ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ትርኢትና የትውልድ ሁሉ የሆነ ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በነባሩ ቤት ልጁ አያቱ የተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። ለእሱ ልክ ያልተሠራ ነገር ውስጥ መግባት ራሱ ትምህርት አለው፤ የአባቱን ኮት ለብሶ መስታወት ፊት እንደሚቆም ልጅ።

አራተኛውን የምታነሡት ከአዲስ አበባ ርቃችሁ የምትሰሙን ናችሁ። «እኛስ? ብሔራዊ ቴአትር በቴሌቪዥን ካልሆነ በምን እናየዋለን?» ይህ ቅሬታ ልክ ነው፤ በንግግር አላለባብሰውም። ነባር ቴአትር ቤቶቻችን የተከማቹት በመዲናዋ ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያሳየናል። ሀገር ፍቅር በዘመኑ ከያኒዎቹን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር። ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ለትርኢት በሄዱ ጊዜ አንድ ተማሪ ከከያኒዎቹ አንዱ ወደ ነበሩት ኢዮኤል ዮሐንስ ቀርቦ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገራቸው። ልጁ በኋላ ታዋቂ ድምፃዊ የሆነው ጥላሁን ገሠሠ ነበር፤ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ሥራ የጀመረውም በዚያው በሀገር ፍቅር ነው። «አንድ ጥላሁን አምጥተህ ሁሉንም ልጅ ከያኒ ልታደርግ ነው?» እንዳትሉኝ። ከሠላሳው ልጅ ሃያ ዘጠኙ፣ ምናልባትም ሠላሳውም፣ መድረክ ላይ አይወጣም። እኔ ከታሪኩ የምወስደው ሌላ ነጥብ ነው፤ ልጁን የለወጠው ማየቱ ብቻ ሳይሆን ቀርቦ ማነጋገሩ ነው። ትርኢት አይቶ ቢወጣ ኖሮ አጨብጭቦ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የትም ሁኑ፣ የዞኑ የባህል ቡድን ወይም የኮሌጁ የቴአትር ክበብ ትርኢት ሲያዘጋጅ ከሰዓታት በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ሲሰቀል ይዩ። ገመድ ሲታሰር ይዩ። ሰዎቹን ያነጋግሩ።

(ድምፅ፦ በገመድ የሚሳብ ከባድ መጋረጃ ሲከፈት፤ የቀለበቶቹ መንሸራተት)

ወደ አካሄዱ ስንመጣ ነገሩ ቀላል ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አስቀድማችሁ ለቴአትር ቤቱ አስገቡ፤ በቃል የተያዘ ቀጠሮ ጠዋት በር ላይ ያስቆማል። ደብዳቤው ላይ «ለጉብኝት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ባዶውን መድረክ ማየት፣ ገጽ ቅብና አልባሳት ክፍል መግባት፣ ቢቻል ልምምድ ላይ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ቤቱ ለጥገና ተዘግቶ እንዳይሆንም ደውላችሁ አረጋግጡ። ትርኢት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ይመረጣል። ልጆቹን ሁለት ሁለት አጣምሩ፤ መግቢያ ላይ ቁጠሩ፣ ከመድረኩ ጀርባ ስትወጡ ቁጠሩ፣ መውጫ ላይ ቁጠሩ። የመድረክ ጓዳ መተላለፊያው ጠባብ፣ ገመዱና የኤሌክትሪክ ሽቦው ብዙ ነው፤ ሠላሳውንም ባንዴ አታስገቡ፣ አሥር አሥር ይግቡ። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ መብራት ቢሄድ ድቅድቅ ይላልና ትንንሾቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አንዲት ባትሪም ያዙ። ገንዘብ ቢያንስ እንኳ የባዶው ቀን ከታክሲና ከቆሎ የዘለለ ብዙ ወጪ ላይጠይቅ ይችላል፤ ትኬቱ የሚመጣው በሁለተኛው ጉዞ ነው።

ጥያቄዎቹን ግን ከቤት አዘጋጁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ያዘጋጁ። «መቼ ተመሠረተ?» የሚለውን መጽሐፍ ይመልሰዋል፤ እሱን ለመጽሐፍ ተዉለት። ለቤቱ ሰዎች የሚቀርበው መጽሐፍ የማይመልሰው ነው። መብራት የሚያበራው ሰው ትርኢቱን ከየት ሆኖ ነው የሚያየው? ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋው ማን ያድነዋል? ሞቶ የወደቀ ገጸ ባሕርይ ቢያስነጥሰው ምን ያደርጋል? አንድ ትርኢት ለመቶኛ ጊዜ የሚጫወት ሰው እንዴት ያለቅሳል? መጋረጃ ሳቢውን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ትኬት ቆራጩን ጠይቁ። ስማቸው በፖስተር ላይ አይወጣም፤ ቤቱን ግን በዝርዝር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የልጅ ጥያቄ ሲመጣባቸውም ብዙ ጊዜ ደስ እያላቸው ይመልሳሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ስለማይበዛ።

ከዚያ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ፣ ለዕድሜያቸው የሚሆን ትርኢት መርጣችሁ፣ ተመለሱ። አዳራሹ አሁን ሞልቷል፤ ያ የሚያስተጋባ ግድግዳ ዝም ብሏል። መብራቱ ሲደበዝዝ ልጆቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ሌላው ተመልካች የመጋረጃውን መሐል ያያል፤ እነሱ ግን ወደ ጥጉ፣ ገመዱ ወዳለበት ነው የሚያዩት። አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «አሁን ሊስብ ነው» ይላል።

(መጋረጃው ይከፈታል፤ የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ክራር፤ ቀስ እያለ ከፍ ይላል)